የሐበሻ መድኃኒት ጠጥቶ ሆዱን ለታመመ ሰው፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ማገገሚያው ድረስ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰው ኮሶ፣ እንዶድ፣ እሬት ወይም ስሙ ያልተነገረው ሥር ተበጥብጦለት ከጠጣ በኋላ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎች «ተዉት፣ ክፉውን እያወጣለት ነው» ይላሉ። ብዙ ሰው ዘግይቶ ወደ ጤና ተቋም የሚደርሰው በዚህች አንዲት አባባል ምክንያት ነው። ሰውነት በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስወጣው በሽታውን ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ራሱን መድኃኒቱን፣ ከእሱም ጋር ውኃውንና ጨዉን ነው። ስለዚህ ማስቀመጡ የመድኃኒቱን መሥራት አያረጋግጥም፤ የጉዳቱ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆንም ይችላል።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል ልማደኛ እንግዳ ነበር፤ የኮሶ ዛፍ የደረቀ አበባ ተወቅጦና ተዘፍዝፎ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ጠጪውም ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ትሉ እስኪወርድለት ይጠብቃል። ኮሶ ማስቀመጡ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። ችግሩ በኮሶ የተለመደው ትዕግሥት ለማንኛውም ሥርና ቅጠል መለኪያ መሆኑ ነው። ኮሶም ቢሆን የዋህ መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን መድከም ወይም መጥፋት እንደሚከተል፣ እርጉዝ ሴትንም ለውርጃ እንደሚያጋልጥ ይታወቃል።

ዕፅዋቱ የምግብ መንገድን የሚጎዱበት ሁኔታ

ወደ ተግባሩ ከመግባታችን በፊት ይህን ክፍል ማንበብ ይጠቅማል፤ የጉዳቱ ዓይነት የሚለየው በዕፅዋቱ ዓይነት ነውና።

ነገሩ በእንዶድ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን ስብን እየፈታ ከልብስ ላይ እድፍ ያስለቅቃል፤ ሕያው ሴሎች የተሸፈኑበት ስስ ሽፋንም ከስብ የተሠራ ስለሆነ በሳፖኒን ይበጣጠሳል። የቀንድ አውጣው ገላና የሰው አንጀት የውስጥ ሽፋን በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። እንዶድ ለጨብጥ፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ ወይም ጽንስ ለማስወረድ ተብሎ ሲጠጣ፣ ጠጪው ሳሙና የመጠጣት ያህል ጨጓራውንና አንጀቱን እያጠበ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ጉሎ ሌላ መልክ አለው። አዲስ ምጣድ ለማሟሸት በየጓዳው የሚቀመጠው ይህ ፍሬ ሪሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ አለው። ፍሬው ሳይታኘክ ከተዋጠ ጠንካራው ልጣጩ መርዙን ይዞት ሊወጣ ይችላል፤ ከታኘከ ወይም ከተወቀጠ ግን መርዙ ይለቀቃል፣ የአንጀት ሴሎችም ፕሮቲን መሥራት አቁመው ይሞታሉ። አሳሳቹ ነገር ሕመሙ ወዲያውኑ አለመጀመሩ ነው፤ ጠጪው ለብዙ ሰዓታት ደህና ውሎ ማታ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ተጨምቆና ተግሎ የሚዘጋጀው የጉሎ ዘይት ሪሲን የለውም፤ እሱም ቢሆን ግን በብርቱ ያስቀምጣል።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት የነካውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ከማር ወይም ከሊጥ ጋር ተለውሶ ሲሰጥ ምላስን፣ ጉሮሮንና የምግብ ቧንቧን ሊልጥ ይችላል። የብሳና ፍሬም አንጀትን ክፉኛ የሚያስቆጣ ነው። እሬት ሁለት ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አይለይም፤ በቅጠሉ መሐል ያለው ንጹሕ ዝልግልግ ሌላ፣ ከልጣጩ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ሌላ ነው። አንጀትን የሚያስምጠው ይህ ቢጫው ሲሆን፣ ሲደጋገም ለልብና ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር ከሰውነት ያሟጥጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 እሬት ያለባቸው የሆድ ማስለስለሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ያደረገው፣ አምራቾቹ የደኅንነት ማስረጃ ስላላቀረቡ ነው። ፌጦ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ሆኖም የሰናፍጭ ዓይነት የሚያቃጥል ዘይት ስላለው፣ በሎሚ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ የጨጓራ ቁስል ላለበት ሰው በቁስል ላይ በርበሬ እንደ መነስነስ ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ድብልቅ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለዚያው ለጨጓራ ሕመምተኛ መሆኑ ነው።

ደረጃ 1፦ መጠጣቱን ማቆምና አፍን ማጠብ

«ሦስት ቀን ካልተጠጣ አይሠራም» ቢባልም የቀረው መጠን አይጠጣም። አፍ በንጹሕ ውኃ ተጉመጥሙጦ ይተፋል፤ የቁልቋል ወይም የቅንጭብ ወተት ከሆነ ከንፈር፣ አገጭና እጅም ይታጠባሉ፤ ያልታጠበ እጅ ዓይንን እንዳይነካ ጥንቃቄ ይደረግ።

ሕመምተኛውን ጣት አስገብቶ፣ ጨው በጥብጦ ወይም ሌላ ነገር አጠጥቶ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። የሚያቃጥል ነገር ወደ ላይ ሲመለስ የምግብ ቧንቧን ዳግመኛ ያቃጥላል፤ እንደ እንዶድ ያለ አረፋማ ነገር ደግሞ በትንታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በራሱ የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ ይተኛ ወይም ወደ ፊት አጎንብሶ ይቀመጥ።

ደረጃ 2፦ የተጠጣውን ነገር ማወቅና ትራፊውን ማስቀመጥ

ይህ ደረጃ በጣም የሚዘነጋው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት እሱ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ገበሬ ሚስቱን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። ለወፍ በሽታ ተብሎ በተሰጣት መድኃኒት ሌሊቱን ሲያስቀምጣት አድሮ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ምን እንደጠጣች ስንጠይቀው «ሐኪም፣ ስሙን አልነገሩንም፤ ስሙ ከተጠራ አይሠራም ይላሉ» አለ። ነገር ግን ሰውየው ብልህ ነበርና ትራፊውን በሃይላንድ ላስቲክ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ያለው ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ። አብሮን የሚሠራ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አረፋው እስከ አንገቱ ወጣ፤ የሴትየዋን ግሉኮስ ሰቅለን ጨርሰን ስንመለስም አልወረደም ነበር። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፣ ሳፖኒን ያለው ዕፅ አንድ ብቻም አይደለም፤ ያም ሆኖ ከመቶ ግምት አድኖናል፤ ሴትየዋም ድናለች።

ስለዚህ የተረፈውን ፈሳሽ፣ የሙቀጫውን ትራፊ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት፣ ከተቻለም ቅጠሉንና ፍሬውን በላስቲክ ቋጥሮ ማስቀመጥ ይገባል። ከዚያም የሚከተሉት በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት ተጠጣ፣ በምን ተለካ (በቡና ሲኒ፣ በብርጭቆ ወይም በማንኪያ)፣ በምን ተበጠበጠ፣ ለየትኛው ሕመም ተብሎ ተሰጠ፣ መጀመሪያ የታየው ምልክት ምን ነበር፣ በስንት ሰዓቱስ ታየ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወዲያው የሚያቃጥለውን ቁልቋል ቆይቶ ከሚያጠቃው ጉሎ የሚለየው እሱ ነው።

ሕመምተኛዋ ሴት ከሆነችና ጽንስ ለማስወረድ ጠጥታ ከሆነ፣ ሰው በተሰበሰበበት አትጠየቅ። ለብቻዋ፣ ያለ ወቀሳ ከተጠየቀች ትናገራለች፤ ካልተናገረች ግን ሐኪሙ ከማኅፀን የሚመጣውን አደጋ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል።

ደረጃ 3፦ የአደጋ ምልክቶችን መመልከት

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ በቤት መጠበቅ ያበቃል፦ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ሰገራ (የአይረን እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራም ይጠቁራል፤ ይህ ለሐኪሙ ይነገር)፤ መዋጥ ማቃት፣ የምራቅ መዝረክረክ ወይም የድምፅ መጎርነን፤ ሲነኩት እንደ ጣውላ የጠነከረ ሆድ፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፤ ሲቆሙ መውደቅ፣ መቃዠት ወይም መንዘፍዘፍ፤ የዓይን ብዥታ፤ የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን። ጉሎ ተወቅጦ ወይም ታኝኮ ከተበላ፣ የቁልቋል ወተት ከተዋጠ፣ ወይም የጠጣው ሕፃን፣ እርጉዝ ወይም አዛውንት ከሆነ ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ መሄድ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ይደወላል። በአሜሪካ ለአስቸኳይ ጉዳይ 911 ሲሆን፣ ሕመምተኛው በደህና ሁኔታ ላይ ሆኖ ምክር ብቻ ከተፈለገ የመመረዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 በአስተርጓሚ ጭምር ሌሊትና ቀን ይሠራል።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ያለው ሰው ሕመሙ የአንጀት መጠማዘዝ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ በደንብ የሚታወቅ፣ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ የሚችል ችግር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት በተዘጋ ቧንቧ ላይ ግፊት መጨመር ስለሆነ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ድንገተኛ የሚባለው ሥር ደግሞ በተቃራኒው ሕመምን በማስታገስ ያሳስታል፤ በትርፍ አንጀት የተያዘ ወጣት ሥሩን አኝኮ ጥቂት ሲሻለው፣ የምትጠቅመው የመጀመሪያዋ ቀን ታልፈዋለች።

ደረጃ 4፦ ፈሳሽ መተካት

የአደጋ ምልክት የሌለው፣ መዋጥ የሚችልና ንቁ የሆነ ሰው በቤት ሊረዳ የሚችለው በፈሳሽ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል፤ ማንኪያው የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን፣ በተለይ ጨዉ ሲበዛ ሕፃንን ይጎዳልና። ወደ ጤና ተቋም እስኪደርስ ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ አዋቂ የፈለገውን ያህል ይጠጣ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ በዝግታ መቀጠል ነው። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ድብልቁ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ደረጃ 5፦ መሰጠት የሌለባቸው ነገሮች

«ማርከሻ» ተብሎ ሌላ ሥር አይሰጥም፤ በአንዱ መርዝ ላይ ሌላ መጨመር ለሐኪሙም እንቆቅልሹን ያጠብቅበታል። ለቁርጠቱ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ የተላጠውን ጨጓራ ያደማል። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን፣ በተለይ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ትኩሳት ካለ፣ መርዙን በአንጀት ውስጥ ያቆያል። አረቄም፣ አቼቶም፣ የሎሚ ጭማቂም፣ የተፈጨ ከሰልም እንዲሁ ይቅር። ወተት ብዙ ሰው ተጣድፎ የሚሰጠው ነው፤ መድኃኒቱን አያረክሰውም፣ የሚያስመልሰውን ሰው ሆድ በብዛት መሙላቱም ሌላ ትውከት ያመጣል።

ደረጃ 6፦ በጤና ተቋም የሚነገረውና የሚጠበቀው

ሕመምተኞች የባህል መድኃኒት መጠጣታቸውን ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም፣ የሚቆጡ ባለሙያዎች አሉና። ሆኖም የተደበቀው ነገር ሕክምናውን ያሳስታል፤ ተቅማጡ ታይፎይድ ወይም አሜባ ተብሎ ሕመምተኛው የማያስፈልገውን ሲውጥ ሊሰነብት ይችላል። በደረጃ 2 የተጻፈውን ወረቀትና ትራፊውን ሳይጠየቁ ማቅረብ ይበቃል።

የሚወሰዱ የዘመናዊ መድኃኒቶችም ይነገሩ። የልብ ሕመም ኖሮበት ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒትና ላሲክስ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእሬት ወይም ሰና መኪ በተባለው አስቀማጭ ቅጠል ሲያስቀምጠው ፖታሲየሙ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የተለመደው የዲጎክሲን መጠን ራሱ መርዝ ሆኖ የልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለትንሽ የጨጓራ ቁስል ብዙ ይደማል። በከረጢት ታሽጎ «ከዕፅዋት ብቻ» የተባለ ነገርም ማሸጊያው ይታይ፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሸጡ አንዳንድ ምርቶች ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን አግኝቶ አስጠንቅቋል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ጨጓራን እንደሚያቆስሉ የታወቀ ነው።

በተቋሙ የኩላሊት፣ የጉበትና የጨዋማ ንጥረ ነገሮች የደም ምርመራ ሊደረግ፣ ፈሳሽ በደም ሥር ሊሰጥ፣ አንጀት መበሳቱ ከተጠረጠረም ራጅ ሊነሳ ይችላል። የሚያቃጥል ነገር የዋጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ቢታይ ጉዳቱ ይለካል፤ አገልግሎቱ በሌለበት ቦታ የሪፈር ጥያቄው በጊዜ መቅረቡ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

ደረጃ 7፦ ማገገም

ማስመለሱ ሲቆም ምግብ በአጥሚት፣ በሩዝ፣ በሙዝና በድንች ይጀመር፤ በርበሬ፣ ቡና፣ አልኮልና በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ለጥቂት ቀናት ይቆዩ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከታዘዘ ሕመሙ ጠፋ ተብሎ በመሐል አይቋረጥ። ጉሮሮው ወይም የምግብ ቧንቧው የተቃጠለ ሰው ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ ጠጣር ምግብ፣ ቆይቶም ፈሳሽ አልወርድ ሊለው ይችላል፤ ቁስሉ ሲድን ቧንቧውን አጥብቦታል ማለት ነው። ይህ የሚሰፋበት ሕክምና አለው፤ ስለዚህ ቁራሽ እንጀራ በውኃ መግፋት ሲጀመር ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱ የተጠጣበትን ሕመም ማከም

ሰውየው መድኃኒቱን ያለ ምክንያት አልጠጣም፤ ምክንያቱ ካልታከመ ከወር በኋላ ወደዚያው ብርጭቆ ይመለሳል። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በአንድ ጊዜ መጠን ይሰጣል፤ ሰገራው ከ1 ወርና ከ3 ወር በኋላ ዳግመኛ ቢመረመር ትሉ መወገዱ ይረጋገጣል። የማይለቅ የጨጓራ ሕመም ላለበት ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት፤ ኦሜፕራዞል ሲወስድ ከነበረ ከምርመራው በፊት ሐኪሙ ፈቅዶለት ለሁለት ሳምንት ማቆም አለበት፣ አለበለዚያ ውጤቱ የለም ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ለወፍ የጠጣ ሰው የሄፓታይተስ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለኪንታሮት የጠጣ ደግሞ ከመቀመጫው የሚወርደው ደም በእርግጥ የኪንታሮት መሆኑ በሐኪም ይታይለት።

የቀረው መድኃኒቱን ለሰጠው ሰው መንገር ነው። ብዙ ሰው ከዳነ በኋላ ተመልሶ አይሄድም፤ አንዳንዱ አፍሮ፣ አንዳንዱ ተቀይሞ፣ አንዳንዱም እርግማን ፈርቶ ይተወዋል። መድኃኒት አዋቂው ግን ያልተመለሰውን ሁሉ «ድኗል» ብሎ ስለሚቆጥር፣ ያው ማሰሮ ነገ ለሌላ ሰው ይከፈታል። ሰላማዊ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ «ከዚህ ያህል ሲኒ በኋላ እንዲህ ሆንኩ፣ በስንተኛው ሰዓት ደም አየሁ» ብሎ በዝርዝር መንገር፣ የጎረቤት ሰው እየጠጣ እንደሆነ ከታወቀም በዚያው ቀን ማስታወቅ ያስፈልጋል።